በአንድ ከሰዓት የሚታደስ ጀልባ፦ ስለ ጄልኮት ጭረት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወሎ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ዙሪያ ጀልባ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ልከውልኝ አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገላው ሲጫጫር ባለቤቱ ራሱ በግቢው ውስጥ በአንድ ከሰዓት ሊያድሰው እንደሚችል ያስተምራል። አጻጻፉ ቀላል፣ ዓላማውም በጎ ነው። ሆኖም እንደ ተጻፈ የተከተለው ሰው ጀልባውን ከጭረቱ ይበልጥ በእድሳቱ ይጎዳዋል ብዬ ስለማምን፣ ነጥቦቹን እያነሣሁ ልመልስ ወድጃለሁ።

በቅድሚያ የጸሐፊውን አሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንደ እርሳቸው አባባል ጀልባን የሚበላው የባሕር ጨው ስለሆነ፣ በእኛ ጨው አልባ ሐይቆች ላይ ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው። ጭረቱን ለመሙላት የመኪና ስቱኮ፣ ከላዩም የስፕሬይ ቀለም ይበቃል። በጄልኮት፣ ማለትም የጀልባው የውጭ ሽፋን በሚሠራበት ነገር፣ ልጠግን ያለ ሰው ደግሞ ሃርድነሩን (ማጠንከሪያውን) አብዝቶ ፀሐይ ላይ ቢያቆየው ቶሎ ይደርቅለታል። ማስተካከሉ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በመኪና ፑሊሽ ይጠናቀቃል። ሥራው ደጅ እስከተሠራ ድረስም አፍንጫን በነጠላ ከመሸፈን ያለፈ ጥንቃቄ አያስፈልግም። ጽሑፉን ተወዳጅ ያደረገው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የመግቢያው ንጽጽር ይመስለኛል፦ አባቶቻችን የደንገል ታንኳቸውን ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው ይጠግኑ ነበር፤ እኛ የፋይበሩን ለመጠገን ለምን ባለሙያ እንፈልጋለን ይላሉ።

በቤት መጠገን ይቻላል በሚለው ዋና አሳባቸው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ጭረት ለማስጠገን ጀልባን በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ከጥገናው የሚበልጥ ወጪ ያስከትላል፤ መንገዱም ሌላ ጭረት ጨምሮበት ይመልሰዋል። እኔም 5 ሜትር ያህል የሆነችውን ጀልባዬን ለዓመታት የጠገንሁት በግቢዬ ዛፍ ሥር፣ በእጅ መሣሪያ ነው። ልዩነታችን እንዴት በሚለው ላይ ነው። የእርሳቸው ምክር ሁሉ ስለ አንድ ጥያቄ፣ ማለትም ጭረቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ ምንም ሳይጠይቅ መድኃኒት ያዝዛል።

ጄልኮት ቀለም አይደለም። ጀልባው በፋብሪካ ሲሠራ ቅርጽ ማውጫው በሰም ይታሻል፤ ቀጥሎ ቀለም የተቀላቀለበት የፖሊስተር ሬዚን (የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ)፣ ማለትም ጄልኮቱ፣ በቅድሚያ ይረጭበታል፤ ከዚያ በኋላ የመስታወት ቃጫው በሬዚን እየራሰ በላዩ ላይ ይነጠፋል። ሁሉም ጠንክሮ ከቅርጹ ሲወጣ መጀመሪያ የተረጨው በውጭ በኩል ይገኛል። ስለዚህ ጄልኮቱ ኋላ ከተቀባ ቀለም ይልቅ አብሮ የተወለደ ቆዳ ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አምስት ተራ የጽሕፈት ወረቀት ቢነባበር የሚሆነውን ያህል ነው። ጭረቱ ከዚህ ቆዳ ውስጥ የቀረ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በጥፍር ሲዳሰስ ጥፍር የማይዝ ከሆነ፣ ያለ ምንም መሙያ በማለስለስና በመወልወል ብቻ ይጠፋል። ጥፍር ከያዘ መሙያ ይሻል። ከሥሩ የመስታወቱ ቃጫ ከታየ ግን ጄልኮት ብቻውን አይበቃውም፤ በቅድሚያ ሥጋው በመስታወትና በሬዚን መመለስ አለበት።

ጨውን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት ከእውነታው ተቃራኒ ነው። ፖሊስተር ለዓይን ድፍን ቢመስልም እጅግ በዝግታ ውኃ ያሳልፋል። የገባው ውኃ በመስታወቱ ንጣፍ መካከል የቀሩ የሚሟሙ ነገሮችን ያገኝና ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል፤ ውኃ ደግሞ ምንጊዜም ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ይሳባል። በውጭ ያለው ውኃ ጨው ባነሰው መጠን ስበቱ ይበረታል እንጂ አይቀንስም። በጀልባ ሆድ ላይ የሚታዩት፣ ሲወጉ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጡት እብጠቶች በጨው አልባ ሐይቅ ላይ ከባሕር ይልቅ የሚብሱት በዚህ ምክንያት ነው። ጥልቅ ጭረት ለዚያ ውኃ የተከፈተ በር ነው። እርግጥ ነው፣ ጨው ሞተርንና ብሎንን ይበላል፤ በዚህ በኩል እኛ ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን። ከውኃው ወለል በላይ ያለና ቆዳውን ያልዘለቀ ጭረት የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ቢሉም አልከራከራቸውም ነበር። ሐይቅ ዳር ግን ጭረት በብዛት የሚገኘው ጀልባው በጥቁር ድንጋዩ ላይ ሲጎተት በሚያርፍበት በሆዱ በኩል ነው።

የታንኳውም ምሳሌ ቢሆን በደንብ ሲታይ የሚደግፈው እኔን ነው። የታንኳ ባለቤት ከሥራው ሲመለስ ታንኳውን ውኃ ላይ አይተወውም፤ አውጥቶ ያቆመዋል፣ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል፤ ውኃ የጠጣ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃልና። ከአባቶች መማር ያለብን ይህንኑ ነው። የጽሑፉ ጸሐፊ ግን ጀልባው ጠዋት ከውኃ ወጥቶ ከሰዓት እንዲሞላ ይመክራሉ። በዚህ አኳኋን የተሞላ ጥልቅ ጭረት እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ያስቀራል፤ ሬዚኑም በእርጥብ ነገር ላይ በቅጡ አይዝም። መድረቁን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከጭረቱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ግልጽ ላስቲክ ዘርግቶ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው፤ ሲነጋ ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ገላው ገና ውኃ አልጨረሰም። ትንሿ ጭረት በጥቂት ቀን ትደርቃለች፤ ለወራት ውኃ ውስጥ የቆየና ቃጫው የተገለጠ ቁስል ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ይህን ሥራ በክረምትም ሆነ በወሎ በልግ ዝናብ ወቅት ባይጀምሩት ይሻላል።

የመኪና ስቱኮ ነገር ራሴ የከፈልሁበት ስሕተት ስለሆነ ጠንከር ብዬ ብናገር ይቅር ይባልልኝ። ጀልባዬን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከሆዷ በኩል የነበረውን ክንድ የሚያህል ጭረት አንድ የመኪና ጋራዥ ወስጄ በስቱኮ አስሞላሁት፤ በቀለምም አስሸፈንሁት። ሲወጣ እውነትም መስታወት ይመስል ነበር። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን የተሞላው ሁሉ አብጦ በጣት የሚፈነቀል ሆነ። ባትላሜራው ሥራውን አላበላሸም፤ ለመኪና የሚገባውን ለጀልባ ማዘዜ የእኔ ጥፋት ነበር። የተለመደው የመኪና ስቱኮ በቀላሉ እንዲሞረድ ተብሎ ብዙ የታልክ ዱቄት የሚጨመርበት በመሆኑ ውኃ ይጠጣል፤ መኪና ዝናብ ይመታዋል እንጂ ወር ሙሉ ውኃ ውስጥ አያድርም። ከውኃ ወለል በታች ጥልቅ ጉዳት ሲኖር የሚሻለው የኤፖክሲ መሙያ ነው። እርሱም የራሱ ጠባይ አለው፤ ፀሐይ ስለሚጎዳው ሳይሸፈን አይተውም፣ ሲጠነክር በላዩ የሚወጣውን ሰም መሰል ነገር በንጹሕ ውኃ አጥበው ካልሞረዱለትም ከላዩ የሚመጣውን ጄልኮት አይቀበልም። ጭረቱ ቆዳውን ብቻ የነካ ከሆነ ግን መሙያው ራሱ ጄልኮት ነው፤ ለመሙያ እንዲመች በወፍራሙ የተዘጋጀውን መጠቀም ይቻላል።

በስፕሬይ ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም። ከውኃ በላይ ላለው ክፍል ጥቂት ጊዜ መልክ ይሰጣል፤ ዘወትር ውኃ ውስጥ ለሚኖረው ሆድ ግን ለስላሳ ስለሆነ ይላጣል። በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፦ የጀልባው ጄልኮት በሙሉ አልቆ፣ በእጅ ሲታሽ ነጭ ዱቄት እየሰጠ ከሆነ፣ ጭረት በጭረት ከመልፋት ይልቅ ሁሉንም በሁለት ክፍል በሚደባለቅ የፖሊዩሬቴን ቀለም መቀባት ያዋጣል። ሐይቅ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ፣ ፀሐዩ ከቆላው ይልቅ ቆዳ የሚፈጅ ነውና፣ ሽፋን ሳይደረግለት ደጅ የሚውል ጀልባ እንዲህ ለመሆን ብዙ ዓመት አይፈጅበትም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ። «ሃርድነሩን አብዝቶ ፀሐይ ላይ ማቆየት» የሚለው ምክር የተነሣው ጄልኮት ይደርቃል ከሚል እምነት ነው። ጄልኮት አይደርቅም፤ ይጠነክራል። ቀለም የሚደርቀው ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ ጄልኮት ግን ሃርድነሩ የቀሰቀሰው የኬሚካል ለውጥ ከውስጥ ሙቀት እያመነጨ ያጠነክረዋል። በዚህ ነገር ሃርድነር ከእርሾ ጋር ይመሳሰላል፤ ጥቂቱ ብዙውን ያስነሣል። ሊጡ በደጋ ብርድ ሲዘገይ መፍትሔው ቡሃቃውን ወደ ሙቀት ማስጠጋት እንደሆነ እናቶቻችን ያውቁታል፤ የጄልኮቱም መፍትሔ ያው ነው። የተለመደው መጠን ለ100 ግራም ጄልኮት ከ1 እስከ 2 ግራም ገደማ ሲሆን የቆርቆሮው ላይ ጽሑፍ ከእኔም ከእርሳቸውም ቃል ይቀድማል። ይህ እንግዲህ በግምት የሚንጠባጠብ አይደለም፤ ለጭረት የሚበቃው ድብልቅ ብዙውን ጊዜ ከ50 ግራም አይበልጥምና፣ መርፌው የወጣለት የፋርማሲ ሲሪንጅና ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል።

መጠኑ ሲያንስ ሬዚኑ እስከ መጨረሻው ሳይጠነክር ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ ትርፉ ሃርድነር የሚያጠነክረው ነገር ስለሌለው ውስጥ ቀርቶ ጄልኮቱን ደረቅና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ቀለሙም ይለወጣል። በአንድ የኅዳር ጠዋት ብርዱን ፈርቼ በግምት እጥፍ አድርጌ የጨመርሁበት አንድ ጣሳ ሙሉ ድብልቅ፣ ገና መቀቢያዬን ሳላነሣ ግሎ ጭስ ማውጣት ጀምሮ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ የተነገረ ያህል ተሰማኝ፤ መሬት ላይ ደፍቼ ስመለከት እንደ ድንጋይ ሆኖ ተሰንጥቆ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በላይ፣ ቢቻል ከ20 በላይ እስኪሆን መጠበቅ ነው። በሐይቅ አካባቢ በበጋ ይህ ማለት ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ በጥላ ሥር መጀመርና የሌሊቱ ብርድ ሳይመጣ መጨረስ ነው። ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከቀትሩ ሰዓታት ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። ፀሐይ በመጠኑ ቢያሞቀው እንደማይጠላ አልክድም፤ በቀጥታ የሚያቃጥል ፀሐይ ግን ድብልቁን አረፋው ሳይወጣና ደረጃውን ሳይዝ ያስቆመዋል። በተለመደው ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ለሚሰጥ ነገር ከዚያ የበለጠ መቸኮል አያስፈልግም።

ጸሐፊው «ፀሐይ ላይ ውሎም የሚያጣብቅ ከሆነ ሃርድነር ጨምረው በላዩ ይቀቡ» ብለዋል። ይህ በሽታውን ካለማወቅ የመጣ ሕክምና ነው። ተራ ጄልኮት አየር በሚነካው ፊቱ በኩል ምንጊዜም ያጣብቃል፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የላይኛውን ገጽ እንዳይጠነክር ይከለክለዋል። በፋብሪካ ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ውጫዊው ፊት በቅርጽ ማውጫው ስለሚሸፈን አየር አያገኘውም፣ የሚያጣብቀው ጀርባ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ንጣፍ መያዣ ይሆናል። በቤት ሲሠራ ግን ወይ ሰም የተጨመረበትን ጄልኮት መግዛት፣ ወይም ጭረቱን ከገላው ጥቂት ከፍ አድርጎ ሞልቶ ግልጽ ላስቲክ ማልበስ ያስፈልጋል። አረፋውን በጣት ገፍቶ ካስወጡ በኋላ ጫፉን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። ከፍ ብሎ የሚሞላው ሲጠነክር ስለሚኮማተርና ቀጥሎ ስለሚሞረድ ነው። በማግሥቱ ላስቲኩ ሲላጥ ከሥሩ የሚገኘው ጠንካራና የማያጣብቅ ፊት ነው።

ከመሙላቱ በፊት ያለው ዝግጅት በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል፤ እኔ ዘንድ ግን የሥራው ግማሽ እርሱ ነው። ጀልባው በቅድሚያ በሳሙና ይታጠባል፤ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅና በአሴቶን የቆየ ሰሙ ይጠረጋል፣ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ሰሙ ሳይወጣ የሞረደ ሰው ሰሙን ወደ ጭረቱ እያስገባ ነው። ቀጭን ጭረትም እንዳለ አይሞላም፤ ጄልኮት ወደ ጠባብ ስንጥቅ አይገባምና በብረት መፋቂያ ጫፍ አፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ተደርጎ ይከፈታል። ቁስሉን ማስፋት ለጀማሪ እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ስለ 80 ቁጥር ወረቀት አንድ ስሌት ብቻ ላቅርብ። የ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቅንጣት ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ቆዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ወረቀት ጤነኛውን ገላ የሚያሽ ሰው አንዱን ጭረት ለማጥፋት መቶ ጭረት ይጨምራል፤ እነዚያን ለማስወገድም ያለችውን ቆዳ ይጨርሳታል። የ80 ቁጥር ቦታ ቃጫው ድረስ በዘለቀ ቁስል ውስጥና በጠርዙ ላይ፣ አዲሱ ሬዚን እንዲይዝለት ሲፈለግ ነው፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው ተሳስተዋል አልልም። የተሞላውን ለማስተካከል ግን ከ320 ጀምሮ በ400፣ በ600፣ በ1000 እና በ1500 ቁጥር ወደ ለስላሳው መሄድ ይገባል፤ ሁሉም ጥቂት ሳሙና በተጨመረበት ውኃ፣ በጣት ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ። በጣት የሚያሽ ሰው የጣቱን ጎድጓዳ ይተዋል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት በሩቁ ይታያል። አንድን ቁጥር ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ ላለመዝለል የምጠቀምበት ዘዴ ገላው ላይ በእርሳስ ማስመር ነው፤ የእርሳሱ መስመር ሁሉ ሲጠፋ ያ ቁጥር ሥራውን ጨርሷል። እጣቢውን ወደ ሐይቁ አይልቀቁት፤ ቆሮሶ ዓሣ የምናወጣው ከዚያው ነው።

የመኪና ፑሊሽ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ሲልከን ያለበት ከሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጭረት ሲጠገን አዲሱ ጄልኮት እየሸሸ ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይሠራል። ሲልከን የሌለበትን የመወልወያ ኮምፓውንድ፣ ከዚያም ሰም መጠቀም ይሻላል። ቀለሙን በተመለከተ ደግሞ «ነጭ ነጭ ነው» የሚለው ቃላቸው ፈገግ አሰኝቶኛል። አሥር ዓመት ፀሐይ ላይ የዋለ ነጭ ወደ ቅቤ መልክ ይሄዳል፤ አዲሱ ነጭ በላዩ ሲያርፍ እንደ ፋሻ ይታያል። ቢጫና ቡናማ ቀለም በጠብታ እየጨመሩ፣ በማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ቀብተው እስኪጠነክር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፈሳሹና የጠነከረው መልካቸው አንድ አይደለምና።

ነጠላውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀልሎኝ አይደለም። ነጠላ የሬዚኑን ሽታ አያስቀርም፤ ሽታው ስታይሪን የሚባል ተን ነው፤ እርሱን የሚይዘው ለኬሚካል ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው። ደጅ መሥራቱ ይረዳል፤ በዚህ ልክ ናቸው። ነገር ግን ይኸው ተን በ31 ዲግሪ ገደማ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ሲሆን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ይሳባል። በግቢያችን ጥግ ደግሞ የቡና ከሰል አይጠፋም። ቡናው ሌላ ቦታ ይፈላ፣ ሲጋራ የሚያጨስም ይራቅ። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ቢገባ ዕውር ሊያደርግ ስለሚችል መነጽር ግዴታ ነው፤ ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ውኃ እያጠቡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ከአሴቶን ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ሊፈነዳ ይችላል። በባዶ የውኃ ሃይላንድ ገልብጦ ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ውኃ የሚመስል ነገር በውኃ ጠርሙስ ሲቀመጥ የሚያነሣው ልጅ ነው።

ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሡት አንድ ነገር ቀርቷል። በገመድ ማሰሪያው ዙሪያ ወይም ጀልባው አንድ ቦታ በተመታበት እንደ ሸረሪት ድር የሚበተኑት ቀጫጭን ስንጥቆች ጭረት አይደሉም። እነርሱ ከሥሩ ያለው ንጣፍ እንደሚተጣጠፍ ወይም እንደ ተመታ ይናገራሉ። ከላይ ቢሞሉ በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያው መስመር ይመለሳሉ። ቦታው በአውራ ጣት ሲገፋ የሚተጣጠፍ ከሆነ ከውስጥ በኩል በመስታወት ንጣፍ ማጠናከር፣ የማሰሪያውም ብሎን ከሥሩ ሰፊ ማረፊያ እንዲኖረው ማድረግ ይቀድማል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ የማድረቂያውን ጊዜ ሳልቆጥር ከሦስት ቀን ባነሰ ጨርሼ አላውቅም፤ ተራ ጭረት እንኳ አንድ ቀን ለማጠብ፣ ለመክፈትና ለመሙላት፣ አንድ ሌሊት በላስቲክ ሥር ለማደር፣ ሌላ ቀን ለማለስለስ ይወስዳል።